በእኔ ፋንታ የተዳረችው

በሽተኛ ባልሆን ኖሮ ሐኪም አልሆንም ነበር። ይህን ስናገር ትሕትና የሚመስላቸው አሉ። ትሕትና እኔ ዘንድ የለም፤ እናቴ ነፍሷን ይማረውና "አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ነው" ትለኝ ነበር። የምናገረው የሆነውን ነው። ግራ እግሬ ባያብጥ ኖሮ በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ተድሬ ከቡሬ ወዲያ ወዳለ ገጠር እሄድ ነበር። እህቴ ላይ የደረሰው ሁሉ እኔ ላይ ይደርስ ነበር። እሷ የተዳረችው በእኔ ፋንታ ነውና።

መንደራችን ከፍኖተ ሰላም በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ለበቆሎና ለዳጉሳ የሚስማማ፣ በክረምት ከእግር አልላቀቅ የሚል። ጫማ የምናየው ገበያ ስንወጣ የከተማ ሰው እግር ላይ ነበር። እግሬ መጀመሪያ አሳከከኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ያቃጥለኝ ጀመር። ቀጥሎ ከጣቶቼ መሐል ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው ሁሉ አበጠ። ጎረቤታችን ዝሆኔ የያዛቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ከሰው ሁሉ ኋላ ይቆማሉ፤ ማኅበር ሲጠጣም ጽዋቸው ለብቻ ነው። እናቴ እግሬን ባየች ቀን ቀሚሴን ጎትታ ዝቅ አደረገችውና "እንዲህ አድርገሽ ተቀመጪ" አለችኝ።

ምን እንደፈራች አውቃለሁ። ዝሆኔ ከዘር ነው ይባላል። የአንዷ እግር አበጠ ከተባለ ከዚያ ቤት የሚያገባም የሚዳርም የለም። እኔ ደግሞ ገና ጥርሴን ሳልነቅል የታጨሁ ነኝ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ስለዚህ እናቴ "ሆድ ይፍጀው" ብላ ያዘችው፤ እኔም ቀሚሴን ጎትቼ ተቀመጥኩ።

የሠርጉ ዋዜማ የሙሽራው አክስት እንሶስላ ሊያሞቁኝ መጡ። እንሶስላ በእኛ አገር የሙሽራ እጅና እግር የሚቀላበት ነው። እናቴ ቀደም ብላ "እግሯን ሞቃለች፤ እጇን ብቻ ያሙቁልኝ" ብላ ለምናቸው ነበር። ሴትዮዋ ግን ዓይናቸው ሌላ ነው። እጄን እንደያዙ ቀሚሴን ገለጥ አደረጉና እግሬን አዩት። ወዲያው እጄን ለቀቁት።

"በሥላሴ ስም! ይችን ነው የምትሰጡን?" ብለው ብድግ አሉ።

ከዚያ የሆነውን ከጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ታርዷል፣ ዘመድ ከሩቅ ገብቷል። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። ከእነሱ ወገን አንዱ፣ "ነገሩ ከዘር ነው። ከዘር ከሆነ ቤቱ በሙሉ አለበት። በሉ ያደረግነውን መልሱና በሰላም እንለያይ" አሉ። አባቴ ሲጮኽ ሰማሁት፤ "ደግሼ ልዋረድ? ከዚህስ አፈር ያልብሰኝ!" ይላል። የእኛ ሽማግሌዎች ተነሥተው ማሉ። ዘራችን ንጹሕ ነው፤ ልጅቱ እባብ የሞተበት መሬት ረግጣ ነው፤ ይህንንም አገር ያውቀዋል ብለው በታቦት ማሉ።  ከዚያ የሙሽራው አጎት እያዘገሙ፣ "እንግዲያውስ ዘራችሁ እንዲህ ንጹሕ ከሆነ ታናሺቱን ስጡና" አሉ።

ነገሩ በዚህ አለቀ። "አንሰጥም" ቢሉ የማሉት ሐሰት ሊሆን ነው። በገዛ መሐላቸው ታሰሩ። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ፣ ያንን ሁሉ በሐሰት ሲምሉ እውነት መናገራቸው ነው። በሽታው ከዘር አይደለም። የእባቡም አይደለም። ከዚያ ከምናርሰው ከቀዩ አፈር ነው፤ ጫማና ሳሙና ይበቃው ነበር።

እህቴ ያን ሰዓት ለድግሱ ውሃ ቀድታ እየተመለሰች ነው። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እንስራውን ከጀርባዋ አውርደው "ነይ ታጠቢ" አሏት። "ለምን?" አለች።  ለእኔ የተሰፋውን ቀሚስ አለበሷት፤ ረዝሞባት ወገቧ ላይ አጥፈው በመቀነት አሰሩት። በማግሥቱ በሚዜ ታዝላ ወጥታ በቅሎ ላይ ስትቀመጥ እኔ እንግዳ እንዳያየኝ ጓዳ ተዘግቶብኝ ነበር። በግድግዳው ሽንቁር አያታለሁ። ቀሚሱ ደስ ብሏት ነበር መሰለኝ፣ እጅጌውን ደጋግማ ታያለች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ፈለገችኝና "እታለምስ አትመጣም?" አለች። ሴቶቹ ዘፈኑን ከፍ አደረጉት።

"እስክታድግ አይነካትም" ተብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል ተገብቷል። ቃሉ እስከ ስንት ቀን እንደቆየ እኔን አትጠይቁኝ።

እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ የማን ነኝ? የማያገቧት ሴት ልጅ በእኛ ቤት ምን ትሠራለች? ፍኖተ ሰላም መምህር ያገባች የአባቴ እህት አለችና "ስጡኝ፤ ቢያንስ ትማር" አለች። አባቴ ደስ ብሎት ሰጠኝ። ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ እግሬን እያገላበጠች አየችና "ጊዜው አላለፈም" አለች። በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፣ ቅባት ይቀባ፣ ማታ ከፍ ብሎ ይተኛ፣ ያለ ካልሲና ያለ ጫማ መሬት አይንካ። ይኸው ነው መድኃኒቱ። አክስቴ ኮንጎ ጫማ ገዛችልኝ። በዓመቱ እግሬ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጠባሳው ብቻ ቀረ። እግሬ ድኖ ስቆም መጀመሪያ ያሰብኩት ደስታዬን አይደለም። "ታዲያ እህቴ ለምን ሄደች?" ነው ያልኩት። አክስቴ "ዝም በይ፣ ተማሪ" አለችኝ።

እህቴ በዐሥራ አምስት ዓመቷ አረገዘች። ምጥ ያዛትና ሳትገላገል ቀኑ መሽቶ ይነጋል። ማርያም ማርያም ተባለላት፤ ማርያም አልሰማች። በስተመጨረሻ ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ቡሬ አስፋልት ድረስ አወጧት፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሩቅ ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዷት። ሆዷ ተቀዶ ልጁ ሞቶ ወጣ። እሷ ተረፈች። እኔ ያን ጊዜ የማትሪክ ተማሪ እንኳን አልነበርኩም፤ የሰማሁት ተሽሏት አገሯ ከገባች በኋላ ነው። ልጠይቃት ስሄድ ምድጃ ጥግ ተቀምጣ አገኘኋት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰችና "እታለም፣ ወንድ ነበር አሉኝ፤ አላሳዩኝም" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የወር አበባዋ አልተመለሰም። ሴቶቹ "ድንጋጤው ነው፤ ይመለሳል" አሏት። ጠበል ተጠመቀች፣ ሱባኤ ገባች። ባሏ ጥቂት ታግሦ ሌላ አገባ፤ "አልወልድ አለች፤ እኔ ምን ላድርግ" ብሎ በሽማግሌ ፊት ፈታት። ወደ አባታችን ቤት ተመለሰች። አንድም ጊዜ "እንዴት እንዲህ አደረጉኝ" ስትል አልሰማኋትም። የያዛት ሌላ ነገር ነበር። በራሷ ነገሩን ሁሉ አውጥታ አውርዳ ጨርሳዋለች፤ ሐኪሞቹ ሆዷን ሲሰፉ ማኅፀኗንም አብረው ሰፍተውታል ብላ አምናለች።

"የተሰፋ ደግሞ ይተረተራል" ትለኛለች። "ስፌቱ የት ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው። አንቺ ተማሪና ፍቺኝ።"

የተማርኩት በዚህ ነው። ለማትሪክ ሳጠና፣ ሕክምና ደርሶኝ ስሄድ፣ የሰው ሬሳ ፊት ቆሜ ስማር፣ እህቴ ቅቤና በሶ ትልክልኛለች፤ መልእክቱም ያው አንድ ነው፤ "ደርሰሻል ወይ በሏት።" ለዕረፍት ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ትጠይቀኛለች፤ "የማኅፀኑ ትምህርት ደረሳችሁ?" ጎረቤቶቻችን ያሾፉባታል። "እህትሽ ሐኪም ልትሆን አንቺ በጠበል? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ" ይሏታል። "ትንሽ ታገሡ፤ ያኔ ክርስትና ትጠራላችሁ" ብላ ትስቃለች። እኔ "ገና ነው፤ አልደረስንም" እላለሁ፤ እውነቴን ነበር።

ደረስን። ሆስፒታል ገብተን በየአልጋው መዞር ስንጀምር አንድ ጠዋት መምህራችን አንዲት ወጣት ሴት አልጋ ዘንድ አቆሙን። ምጥ ቆይቶባት ማኅፀኗ ተቀዷል። መምህሩ አስረዱን። የተቀደደ ማኅፀን አንዳንዴ ይሰፋል፤ ጉዳቱ ከበዛና ደሙ አልቆም ካለ ግን ነፍሷን ለማዳን ይወጣል። ከወጣ በኋላ የወር አበባ አይመጣም፤ ልጅም የለም። የዚችኛዋ ወጥቷል። ጓደኞቼ ይጽፋሉ። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የማስታውሰው የአልጋውን ብረት መያዜን ነው።

"ለእሷ ተነግሯታል?" ብዬ ጠየቅኩ።

መምህሩ ተገረሙ። "ለባሏ ተነግሮታል። ፈርሟል።"

ልጅቱ እኛን እያየች ፈገግ ትላለች። የምንናገረው በእንግሊዝኛ ነበር።

ለፋሲካ ስመለስ ቤት ከመግባቴ በፊት ቡሬ ወረድኩ። የእህቴ ባል የነበረው ሰው የገበያ ቀን እህል ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከበቆሎው ጆንያ አጠገብ አገኘሁት። ልጆቹን ይዟል፤ ወፍሯል። ሰላምታ እንኳን ሳልሰጠው "ያኔ ሐኪሙ ምን አለህ?" አልኩት። አልካደም።

"ማኅፀኗ ወጥቷል አለን" አለኝ። "አባቴ ለማንም አትናገር፣ ለእሷም እንዳትነግራት፤ ይብስባታል አለኝ። ለሴት እንዲህ ያለው እንዴት ይነገራል? አዝኜላት ነው እኮ!"

"አዝነህላት ፈታሃት?"

"ልጅ እፈልጋለሁ። አንቺስ ብትሆኚ?"

ገበያ መሐል ምን ብዬ እንደጮኽኩበት አልጽፈውም፤ ሰው ተሰብስቦ ገላገለን። የሚያሳዝነው ሰውየው ክፉ አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እውነትም አዝኖላት ነው። እሷን ከማሳዘን ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም ሌላ ዓመት፣ ሌላም ዓመት፣ ባዶ ሆዷን ይዛ በየገዳሙ ስትንከራተት ዝም ብሎ ማየት ቀሎት ነው።

ቤት ስደርስ እህቴ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። አቅፋ ሳመችኝ። እንደልማዷ "የማኅፀኑ ትምህርት ደረሳችሁ?" አለችኝ።

"ደረስን" አልኳት።

ዓይኗ በራ። ያንን ዓይኗን ነው መርሳት ያቃተኝ። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና እንደ ልጅ ፊቴ ቁጭ አለች። እኔም ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ማለስለሻ ቃል አልፈለግኩም፤ ቢኖርም አላውቀውም። አልተሰፋም፣ ወጥቷል፤ አንቺ ሳትነቂ ነው የወጣው፤ ባይወጣ ትሞቺ ነበር፤ የሚፈታ የለም፤ እኔም ሌላም ሐኪም አይችልም አልኳት። ሰማችኝ። 

"ባሌ ያውቃል?" አለች በመጨረሻ።

"ያውቃል።"

"አባቱስ?"

"ያውቃሉ።"

"አባታችንስ?"

ይህን አልጠየቅኩም ነበር። ቀና ስል አባታችን የጓሮው በር ላይ ቆሟል። ያወራነውን ሰምቷል። አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ተመለሰ። እህቴ የሄደበትን አቅጣጫ አየች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ "ሠርጉ እኮ ያንቺ ነበር" አለችኝ።

"አዎ። የኔ ነበር" አልኳት።

ሌላ ምን ይባላል? "አፈር ስሆን ይቅር በይኝ" ብል እኔ የሰጠኋት ሊመስል ነው፤ አልሰጠኋትም። "እኔም ልጅ ነበርኩ" ብል እውነት ነው፤ እውነቱ ግን የሚጠቅማት አልነበረም። ጎመኑን ሰበሰበችና ተነሣች። ከሩቅ ገዳም አስመጥታ በጀሪካን ያስቀመጠችው ጠበል ነበር፤ ልጅ ለሌላት ለአንዲት ጎረቤት ወስዳ ሰጠቻት። "አንቺን ይጥቀምሽ" አለቻት አሉ። ያን ፋሲካ ከኔ ጋር ከማዕድ አልቀረበችም። ቅቤውም በሶውም ከዚያ ወዲያ ቀረ።

ተመረቅኩ። ከመንደራችን ዶክተር የሆነች ሴት ከኔ በፊት የለችም። አባቴ ጋቢውን ለብሶ መጥቶ ከሰው መሐል ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ሰው የደስታ መሰለው። እህቴ አልመጣችም። እኔም ተመልሼ ገብቼ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ሆንኩ፤ ሌላ ነገር ልማር ብል እንዴት ይቻለኛል? ወደ አገሬ ተመድቤ ስመጣ ገጠሬው የሴት ዶክተር አይቶ አያውቅም። መርምሬ፣ መድኃኒት አዝዤ ስጨርስ፣ "እግዜር ይስጥሽ ሲስተር፤ ዶክተሩ መቼ ይመጣል?" ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እቆጣ ነበር። ኋላ ኋላ "መጥቶ ሄዷል" ማለት ጀመርኩ። እቤቴ ስገባ ግን ይህን የምነግራትና አብራኝ የምትስቅ እህት የለችኝም። የምታሳቀኝ እሷ ነበረች።

ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የወረዳው አምቡላንስ አንዲት ምጥ የጠናባት ልጅ ወደምሠራበት ሆስፒታል አመጣ። ልጅቱ የእኛ መንደር ልጅ ናት፤ አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። ከኋላ እህቴ ወረደች። ጭቃ እስከ ጉልበቷ ነው። ነርሶቹ ኋላ እንደነገሩኝ በየመንደሩ ምጥ ጠናባት የተባለችውን ሁሉ ባልና አማት ተሟግታ ወደ ጤና ጣቢያ የምታወርድ እሷ ናት፤ ሁሉ ያውቃታል። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት። ዓይኔን አየችኝ፤ ሰላም አላለችኝም። "እዪልኝ" አለች፣ ልጅቱን እያሳየችኝ።

ወደ ቀዶ ሕክምና አስገባኋት። ማኅፀኗ ተቀዷል። የቻልኩትን ሁሉ አደረግኩ። ልጁ አልተረፈም። ስጨርስ ወጣሁ። በሩ ላይ እህቴ ቆማለች፤ ከኋላዋ የልጅቱ ባልና አማቷ፣ የባሏ አባት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"ልጁስ?" አለችኝ በለሆሳስ።

"አልሆነም።"

ዓይኗን ጨፈነች። "ማኅፀኗስ?"

"አለ። አትርፌዋለሁ።"

አማትየው ይህን ጊዜ ተነሥተው ወደኛ መጡ። "ሲስተር፣ ምን ሆነች ልጃችን? ንገሪን እንጂ" አሉኝ። አፌን ስከፍት እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። በስንት ዓመት መጀመሪያ የነካችኝ ያን ጊዜ ነው።

"አባቴ፣ ይቀመጡ" አለቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ "መጀመሪያ ለራሷ ንገሪያት" አለችኝ።

"ገና አልነቃችም።"

"እስክትነቃ ጠብቂያታ!"

ተመልሼ ገባሁና አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ስትነቃ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሞተውንም የተረፈውንም። አለቀሰች፤ እኔም አልቻልኩም። ውጭ አማትየው ሲቆጡ ይሰማኛል። እህቴ በሩ ላይ እንደቆመች ናት፤ ልጅቱ አልቅሳ እስክትጨርስ ማንንም አላስገባችም።